ራስን መካድ ከሽሮው ይጀምራል፦ መታዘዝን በየቀኑ ኑሮ ለመለማመድ ዝርዝር መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን፣ ዕቅድ ይዤ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። 55ቱንም ቀን እስከ 11 ሰዓት እጾማለሁ። ዘይት አልነካም። በየቀኑ 41 ስግደት እሰግዳለሁ። ሁሉንም ወረቀት ላይ ጽፌው ነበር። አባ ተናግሬ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ “የአምናው ጾምህ እንዴት ነበር?” አሉኝ።

የአምናውን ነገርኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት ከባለቤቴ ጋር በሽሮ ተጣላን። “ጾም መሆኑን ረሳሽው እንዴ? ይሄ ሁሉ ዘይት ምንድነው?” ብዬ ሳህኑን ገፋ አድርጌ ተነሳሁ። ያን ቀን ከሥራ መጥታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነበር የሠራችው።

አባ ወረቀቴን አጣጥፈው መለሱልኝ። “ዘንድሮ እኔ ልንገርህ። እስከ 7 ሰዓት ጹም። ከዚያ ያዘጋጀችልህን ብላ። ጨው አነሰው፣ ዘይት በዛበት፣ ቀዘቀዘ የምትል ቃል ካፍህ እንዳትወጣ። ማታ ሳህኑን አንተ እጠብ።”

ቅር ብሎኝ ወጣሁ። ትልቅ ነገር ይዤ ሄጄ የልጅ ሥራ ተሰጥቶኝ የተመለስኩ መሰለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ላብ ላብ አለኝ። የእኔ ዕቅድ ከባድ ነበር፤ ግን የራሴ ነበር። የእሳቸው ቀላል ነበር፤ ግን የራሴ አልነበረም። የከበደኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። የምጽፈው ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት ሆኜ ነው። ሰባኪ አይደለሁም፤ ቢሮ የሚውል፣ ታክሲ የሚጋፋ ሰው ነኝ። ገዳም ላሉ አባቶችና እናቶች ይህ ጽሑፍ ምንም አይጨምርላቸውም።

1. ቃሉን ለዩት

ጌታ “በኋላዬ ሊመጣ የሚወድ ቢኖር፥ ራሱን ይካድ” ሲል ሦስቱ ወንጌላውያን ጽፈውታል። ሉቃስ ግን በ9፥23 መስቀሉን የሚሸከመው “ዕለት ዕለት” መሆኑን ጨምሯል። ለእኔ ቢጤው ያቺ ቃል ናት ከባዷ። አንድ ቀን ጀግና መሆን ይቻላል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው ጭንቁ።

“መካድ” ምን እንደሆነ ማወቅ የፈለገ ጴጥሮስን ይመልከት። በዚያች ሌሊት ጌታን ሲክድ ያለው “ሰውየውን አላውቀውም” ነው። ራስን መካድም እንደዚያው ነው። ውስጣችን ተቀምጦ “እኔ ያልኩት ካልሆነ” የሚለውን ሰውዬ “አላውቅህም” ማለት ነው። ራስን መጥላት አይደለም። “እኔ እኮ የማልረባ ነኝ” እያሉ መዋልም አይደለም፤ እሱ ብዙ ጊዜ ስለራስ የማውራት ሌላ ዘዴ ነው።

መታዘዝ እዚህ ውስጥ የሚገባው ለምንድነው? ንጉሡን ሳኦልን አስታውሱ። ምንም አታትርፍ ተብሎ ታዝዞ ነበር። ምርጥ ምርጡን በግ ያተረፈው ለመሥዋዕት ብሎ እንደሆነ ነበር የተናገረው። ሳሙኤል ግን “መታዘዝ ከመሥዋዕት፥ ማዳመጥም የአውራ በግ ስብ ከማቅረብ ይበልጣል” አለው። የእኔ የ11 ሰዓት ዕቅድ የሳኦል በግ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን የሕግ መጽሐፍ፣ ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጽ ጾምን ሲተረጉም ከምግብ በመከልከል አያቆምም። ሕጉን ለሠራው መታዘዝን፣ ሥጋም ለነፍስ መታዘዟን አብሮ ያነሳል። ሁለቱ የተጋመዱ ናቸው። አንዱን ነጥለው ቢይዙት ሌላው ያመልጣል።

2. ለሦስት ቀን ደብተር ያዙ

ምንም ነገር ሳትጀምሩ፣ ምንም ሳትተዉ፣ ለሦስት ቀን ብቻ ጻፉ። ስልካችሁ ላይም ይሆናል። የምትጽፉት ኃጢአታችሁን ሁሉ አይደለም። “እኔ ያልኩት ካልሆነ” ያላችሁበትን ሰዓት ብቻ ነው። የእኔን ላሳያችሁ፦

ሰኞ ጠዋት፣ ታክሲ። ረዳቱ “ጠጋ ጠጋ በሉ” ሲል እንዳልሰማ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ሰኞ ከሰዓት፣ ቢሮ። አለቃዬ ሪፖርቱን አስተካክል አለኝ። “እሺ” ብዬ አንድ ቃል ሳልነካ መልሼ ላክሁለት።

ማክሰኞ ማታ፣ ቤት። ልጄ “አባዬ፣ ና ተረት ንገረኝ” አለኝ። ስልኬን ይዤ “ቆይ” አልኩት። አራት ጊዜ። በአምስተኛው እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ ደብተሩ ራሱ ይነግራችኋል። እኔ ስጀምር ችግሬ ሆዴ መስሎኝ ነበር። ደብተሩ ላይ ስለ ምግብ አንድ መስመር ብቻ ነው የተገኘው፤ “ቆይ” ግን ስምንት ቦታ ነበረች። ሌላው ሰው ላይ ደግሞ ብር ይሆናል፣ ወሬ ይሆናል፣ ወይም ሁሌ ትክክል የመሆን አባዜ። ሳታውቁት የተሳሳተ በር እንዳትጠብቁ ነው ይህ ሁሉ።

3. ደብተሩን ይዛችሁ የንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሂዱ

ብዙዎቻችን የንስሐ አባት አለን፤ የምናገኛቸው ግን ክርስትና ሲነሳ፣ ሰው ሲሞትና ቤት ጸበል ሊረጩ ሲመጡ ነው። በእነዚያ ቀናት ስለ ፈቃዳችሁ ማውራት አይቻልም፤ ቤቱ በሰው የተሞላ ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ደውሉ። “አባ፣ ለብቻዎ የማዋይዎት ነገር አለኝ፤ መቼ ይመችዎታል?” በሏቸው። በቂ ነው።

የንስሐ አባት ከሌላችሁ፣ ወደ አጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የሚያገለግሉ ካህን መሆናቸውን ማረጋገጥ ነውር አይደለም። ያገኛችሁት ቀሚስ የለበሰ ሁሉ አባት አይሆንም። ደግሞ “የሚገባኝ ሊቅ ካላገኘሁ” ብላችሁ ደብር ለደብር አትዙሩ። እሱም ያው ሰውዬው ነው፣ በሌላ በር የገባ።

ስትቀመጡ አራት ነገር ንገሯቸው። ጤናችሁን፤ ስኳር፣ ጨጓራ፣ እርግዝና፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ። የሥራ ሰዓታችሁን፤ የማታ ፈረቃ ካላችሁ፣ ከባድ ሥራ ከሆነ። የቤታችሁን ሁኔታ፤ ማን ምግብ ይሠራል፣ ማን ይጾማል፣ ማን አይጾምም። መጨረሻ ላይ ደብተሩን። ከዚያ ዝም በሉ። እዚህ ላይ ነው አብዛኞቻችን የምንስተው። ምን ብናደርግ እንደሚሻል እኛው ነግረናቸው “አይመስልዎትም አባ?” እንላለን። ጠያቂውም እኛ፣ መላሹም እኛ።

የሚሰጧችሁ ነገር ትንሽ ሊሆን ይችላል። በጠዋት ውዳሴ ማርያም የዕለቱን፣ አንድ መዝሙረ ዳዊት፣ 12 ስግደት፣ ለአንድ ችግረኛ ምሳ። ካነሰባችሁ ወይ ከበዛባችሁ በዚያው ተናገሩ። “አባ፣ ይህን አልችልም” ማለት አለመታዘዝ አይደለም። እሺ ብሎ ወጥቶ መተው ነው አለመታዘዙ። የተሰጣችሁን ግን በራሳችሁ አትጨምሩበት። 12 ስግደት ከተባለ 12 ነው። 13ኛዋ የእናንተ ናት።

ከአገር ውጭ ላላችሁ ነገሩ ይከብዳል። አሜሪካና አውሮፓ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው በእሑድ፣ ያውም በመኪና ሰዓት ተነድቶ ሊሆን ይችላል። ዐረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ እህት ደግሞ በር የምትወጣበት ቀን የላት ይሆናል። ብዙ አባቶች ምክሩን በስልክ ይሰጣሉ፤ ኑዛዜውን ግን በአካል ነው የሚፈልጉት። እስከዚያው በምክሩ ሂዱ።

4. ጾሙን በልኩ ጹሙ

እዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። የረቡዕና የዓርብ ጾም አለ፣ ከዐቢይ ጾም እስከ ፍልሰታ ያሉት አሉ። ለጀማሪ ምክሬ አንድ ነው፤ ከረቡዕና ከዓርብ ጀምሩ። የዓመቱ ጾም ሁሉ ያልያዘውን ሰው ረቡዕና ዓርብ ይይዘዋል፤ በየሳምንቱ ስለሚመጣ።

ግን ሦስት ወጥመድ አለ።

አንደኛው የጾም ድግስ ነው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ የጾም ኬክ አለ፣ የጾም በርገር አለ፣ የጾም ክትፎም አይቻለሁ። ክልክል ነው አልልም። ግን ምሳ ሰዓት ላይ በያይነቱ አዝዤ፣ “ሱፍ ፍትፍቱን ጨምሪበት፣ ቲማቲሙን ለየት አድርጊው፣ ቃሪያው ስንግ ይሁን” እያልኩ አስተናጋጇን ሦስት ጊዜ ስመልሳት፣ የጾምኩት ሥጋውን ነው፤ ፈቃዴን አይደለም። የቀረበውን መብላት ትልቅ ጾም ነው። አንድ ወር ሞክሩት።

ሁለተኛው ብሩ ነው። ቁርስና የጠዋት ማኪያቶ ስትተዉ የሚተርፍ ብር አለ። የት ነው የሚገባው? ኢሳይያስ 58ን አንብቡት፤ ጾምን ከተራበ ሰው ጋር እንጀራ ከመቁረስ አይለየውም። እኛ ቤት የቡና ቆርቆሮ አለ። የማኪያቶው ብር በየቀኑ እዚያ ይገባል። ቅዳሜ ቆርቆሮው ተገልብጦ ሰፈር ላሉ አንዲት እናት ይሄዳል። ምጽዋቱ ከተረፈኝ አይደለም የሚወጣው፤ ከተውኩት ነው። ለልጆችም በጣም ይገባቸዋል፤ ሳንቲሟን ሲጥሉ ድምፅ አላት።

ሦስተኛው ፊት ነው። ጌታ በማቴዎስ 6 “ራስህን ተቀባ ፊትህንም ታጠብ” ያለው ለዚህ ነው። ቢሮ ገብታችሁ “ዛሬ እስከ 9 ነኝ እኮ፣ አታናግሩኝ” ካላችሁ፣ የጾማችሁን ዋጋ እዚያው ተቀበላችሁ።

የታመመ፣ ነፍሰ ጡር፣ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ሐኪሙንና አባቱን ሁለቱንም ይጠይቅ። አባ “አንተ ብላ” ካሉ መብላቱ መታዘዝ ነው። አንዲት የማውቃቸው እናት በስኳር በሽታ ምክንያት ጾሙ ቀርቶባቸው፣ ረቡዕ በመጣ ቁጥር እያለቀሱ ነው ቁርስ የሚበሉት። ከእኔ ጾም የእሳቸው ቁርስ ይበልጣል ብዬ አስባለሁ።

5. “ቆይ”ን ጹሙ

የዚህ ሁሉ ዋናው ክፍል ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እቆይበታለሁ።

አማርኛችን ውስጥ “እሺ” የምትባል ጉደኛ ቃል አለች። እሺ ማለት እሺ ነው። እሺ ማለት እምቢም ነው። “እሺ፣ እናያለን” ማለት ረስቼዋለሁ ማለት ነው። “እሺ ነገ” ማለት ከነገ ወዲያም አይሆንም ማለት ነው። ማቴዎስ 21 ላይ ሁለት ልጆች አሉ። አባታቸው ወደ ወይኑ ቦታ ሂዱ ሲላቸው አንዱ አልሄድም ብሎ፣ ኋላ ተጸጽቶ ሄደ። ሌላው “እሺ” ብሎ ቀረ። ያን ሁለተኛ ልጅ ሳነብ የቢሮዬን መታወቂያ ያደረገ ይመስለኛል።

ልምምዱ እንዲህ ነው። ለአንድ ሳምንት፣ ቤት ውስጥ ትንሽ ነገር ስትጠየቁ፣ “ቆይ” ሳትሉ ተነሱ። ውሃ አምጣ፣ በሩን ክፈት፣ ሕፃኑን ያዝ፣ መብራቱን አጥፋ። ስልኩን በፊቱ ገልብጡት፣ “እሺ” በሉ፣ ተነሱ። በዚህ ቅደም ተከተል። “እሺ” ብላችሁ ስልኩን ካያችሁ አለቀላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ይቀላል። አዲስ ነገር ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይ ቤተሰባችሁ ያሾፍባችኋል። ባለቤቴ “ምን አጥፍተህ ነው?” አለችኝ። በአራተኛው ቀን ሰውዬው ይነሳል። “እነሱ ለምን አይነሱም? እኔ የቤቱ ሎሌ ነኝ?” ይላል። ይህ ሐሳብ ሲመጣ ደስ ይበላችሁ፤ በሩን አግኝታችሁታል ማለት ነው። የምትመልሱለት ክርክር አይደለም። “አላውቅህም” ብላችሁ ውሃውን አምጡ።

የግብፅ በረሃው መነኩሴ አባ ዮሐንስ ሐጺር ጥቅምት 20 በስንክሳር ይታሰባል። መምህሩ ደረቅ እንጨት ተክለው ውሃ አጠጣ አሉት። ውሃው ሩቅ ነበር። ሦስት ዓመት ተመላለሰ። እንጨቱ አብቦ አፈራ፤ መምህሩም ፍሬውን ለወንድሞች ወስደው የመታዘዝን ፍሬ ብሉ አሏቸው። እባካችሁ ይህን ሰምታችሁ በረንዳ ላይ ደረቅ እንጨት አትትከሉ። የእናንተ እንጨት ሌላ ነው። ጆሯቸው የደከመ እናታችሁ ያንኑ ታሪክ ለሃያኛ ጊዜ ሲነግሯችሁ፣ “አዎ እማዬ፣ ነግረሽኛል” ሳትሉ መስማት ነው። ውሃው እዚያ ጋር ነው የሚጠጣው።

ቢሮ ላይ ደግሞ፦ አለቃችሁ አስተካክሉ ያላችሁን አንድ ነገር፣ ተገቢ እስከሆነ ድረስ፣ ሳታጉረመርሙ አስተካክሉ። ከዚያ ሻይ ክበብ ሄዳችሁ አትሙት። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ይችለዋል። ሁለተኛውን እኔ እስካሁን አልቻልኩትም።

6. ስትወድቁ በራሳችሁ ላይ አትፍረዱ

ትወድቃላችሁ። ዓርብ ቀን ሳታውቁት ወተት ያለበት ቡና ትጠጣላችሁ፣ ወይም አውቃችሁ። ልጅ ላይ ትጮኻላችሁ። ያኔ “ነገ ሙሉ ቀን እጾማለሁ” አትበሉ። ቅጣቱን ራሳችሁ ከፈረዳችሁ ዳኛውም እናንተ ሆናችሁ ማለት ነው። የበደላችሁትን ሰው ይቅርታ ጠይቁ፣ የቀረውን ቀን እንደተሰጣችሁ ቀጥሉ፣ ለአባታችሁ ንገሩ። እሳቸው ቀኖና ከጨመሩ ይጨምሩ። ብዙ ጊዜ አይጨምሩም።

7. መታዘዝ የሚያቆምበት ቦታ

ይህን መዝለል አይቻልም። ምክንያቱም “ታዘዙ” የሚለው ቃል በክፉ እጅ ሲገባ ሰው ይጎዳል። ሐዋርያት “ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል” ብለዋል። እና ድንበር አለ።

መድኃኒታችሁን አቁሙ የሚላችሁ “አጥማቂ” አይታዘዙትም። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ዘመን እንኳ ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ጸበሉን ጠጡ፣ ክኒኑንም ዋጡ።

ብር አምጡ፣ ለማንም አትናገሩ የሚላችሁም አይታዘዙትም። ምስጢር የሚጠበቀው የተናዛዡ ነው። ተናዛዡ ብር የጠየቀውን ሰው ገመና እንዲሸፍን አይደለም።

የሚደበድብ ባል ቤት ዝም ብሎ መቀመጥ መስቀል መሸከም አይደለም። አንዲት ሴት “መስቀሌ ነው” ስትል ብትሰሙ፣ አሜን አትበሏት። ደኅና ወደምትሆንበት ቦታ አድርሷት፤ ለአባትም፣ ለሕግም ይነገር። ዐረብ አገር ደመወዟን የተከለከለች እህትም መብቷን ብትጠይቅ ትሕትናዋ አይጎድልም። አለቃ የሐሰት ሰነድ ፈርም ቢልም መልሱ እምቢ ነው፤ ያን ቀን እምቢታው ራሱ ራስን መካድ ይሆናል፣ እንጀራ ሊያሳጣ ስለሚችል።

መለያው ቀላል ነው። ትክክለኛ ትእዛዝ የእኔን ፈቃድ ይቀንሳል እንጂ የአዛዡን ጥቅም አይጨምርም። አባ ሳህን እጠብ ሲሉኝ ያተረፉት ነገር የለም። ከትእዛዙ የሚያተርፈው አዛዡ ከሆነ ቆም ብላችሁ ሌላ አባት ጠይቁ።

8. ሲፈታም ታዘዙ

መጾም የለመደ ሰው አንድ ያልታሰበ ፈተና ይገጥመዋል፤ መብላት። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ ስግደትም የለም። “እኔ ግን ለምጄዋለሁ፣ ትንሽ ልቀጥል” የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ነበርኩ። ያን ዓመት ጾሙ ደስ ብሎኝ ስላለፈ ማቆሙ ቆጨኝ።

የፋሲካ ሳምንት ረቡዕ ከሥራ ገባሁ። ባለቤቴ የተረፈውን ዶሮ ወጥ አሙቃ አቀረበች። እጄ በልማድ ሳህኑን ገፋ አደረገው።

“ረቡዕ እኮ ነው” አልኳት።

“ሃምሳው ነው” አለችኝ። “ብላ።”

“ቆይ” ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሳ ተመለሰች። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። ወጡ ሲሞቅ ሲሞቅ ከርሞ ጨው በርትቶበታል። በልቼ ጨረስኩና ሳህኑን ይዤ ወደ ማጠቢያው ሄድኩ።